ከፋይና ደበሎ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን የአባቶቻችንን ቃል የማያውቅ ቤተ ሰብ በመካከላችን አይገኝም። ከልደት በዓል ጀምሮ እስከ ቃና ዘገሊላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ በየቤቱ የሣጥን ክዳን ይከፈታል፤ ነጠላ ይታጠባል፤ ሸማኔው እንቅልፍ ያጣል፤ ልብስ ሰፊውም ቀጠሮ ያበዛል። የበዓልን ክብር በልብስ መግለጥ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በዚሁ ልማድ ምክንያት በየቤቱ ቅሬታ የሚገባበት ጊዜ አለ። እኛም ስለ አንድ የከፋይ ኮት በቤታችን የሆነውን፥ ጥፋታችንን ሳንሸሽግ፥ ለአንባቢዎቻችን ልንነግር ወደድን። ምናልባት ሌላው አባት ከእኛ ስሕተት ይማርበት ይሆናል።

አስቀድሞ ከፋይ ምን እንደ ሆነ ጥቂት እንበል። ከፋይ ፊቱ እንደ ጨቅላ ጥጃ ገላ የለሰለሰ፥ እጅ በላዩ ሲያልፍበት መልኩ አንድ ጊዜ የሚጠቁር አንድ ጊዜ የሚያበራ ጨርቅ ነው። በፋብሪካ ሲሠራ ሁለት ጨርቅ አንዱ በአንዱ ላይ ሆኖ በአንድነት ይሸመናል፤ በመካከላቸውም የሚያያይዛቸው ክር ይመላለሳል። ኋላ ስለት በመካከል ሲያልፍ ሁለቱ ጨርቆች ይለያያሉ፤ የተቆረጠውም ክር ጫፍ ጫፉ ቆሞ ጠጕር ይሆናል። የጥንቱ ከፋይ ከሐር የተሠራ ነበር፤ የዛሬው ግን አብዛኛው ከጥጥና ከፋብሪካ ክር የሚሠራ ነው። በአገራችን የሸማኔ ጉድጓድ የሚሠራ ጨርቅ ስላልሆነ ከጥንት ጀምሮ ከባሕር ማዶ በነጋዴ እጅ ሲመጣ ኖሯል።

ስለዚህም ውድ ነበር፤ ውድ በመሆኑም የክቡራን ልብስ ሆነ። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ስላየው የሐርና የከፋይ ልብስ ጽፏል። ከዚያም በኋላ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ የከፋይ ካባ የመኳንንት ማዕርግ መለያ ሆኖ ቆየ። በቤተ ክርስቲያናችንም የካህናቱ ካባ፥ የታቦቱ መጎናጸፊያ፥ በዑደት ጊዜ የሚዘረጋው ጃንጥላ ብዙውን ጊዜ ከከፋይ ይሠራል፤ ዳር ዳሩም በወርቅማ ክር ይጠለፋል። በጥር ወር የሚዳሩት ሙሽሮችም ካባ የሚደርቡት ለአንዲት ቀን የነገሥታትን ክብር እንዲለብሱ ነው።

እኛ በዚህ እውቀት ያደግን ነን። የተወለድነው በቡሬ አቅራቢያ በምትገኝ ገጠር ነው። ፊደልን ከየኔታ እግር ሥር ተምረን ዲቁና ተቀበልን፤ ኋላም ወደ ዘመናዊው ትምህርት ገብተን እነሆ በፍኖተ ሰላም በመምህርነት እንኖራለን። ስለዚህ ከፋይ በዐይናችን ፊት እንደ ሌላ ጨርቅ ያለ ጨርቅ አልነበረም፤ ቅድስት የሚገባ፥ ዕጣን ዕጣን የሚሸት ነገር ነበር።

በ2012 ዓ.ም. የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት የጥምቀት በዓላችን በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ በተደረገው የዩኔስኮ ስብሰባ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ስለ ተጻፈ፥ ሰው ሁሉ ስለ ጥምቀትና ስለ ጥምቀት ልብስ ይናገር ነበር። ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ስለ ነበረ ልደት የዋለው ታኅሣሥ 28 ቀን ነው። የልደት ዋዜማ በሆነው ቀን የ16 ዓመት ልጃችን ከገበያ ስትመለስ በክንዷ ላይ አንድ ነገር አንጠልጥላ ገባች። ነገሩ ሰልባጅ ከሚሸጥበት ቦታ የገዛችው፥ መልኩ የበሰለ ጌሾ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፥ እስከ ወገብ የሚደርስ የከፋይ ኮት ነበር። ዋጋው 200 ብር ነው፤ ገንዘቡንም በክረምት የጎረቤት ሕፃናትን ፊደል ስታስጠና ያጠራቀመችው ነው።

«ለልደትና ለጥምቀት እለብሰዋለሁ» አለችን ደስ ብሏት።

«ከምን ጋር?» ብለን ጠየቅናት።

«ከነጩ ቀሚሴ በላይ። ቍልፉን ሳልቈልፍ፥ እንዲሁ ደረብ አድርጌ። ነጠላዬን በትከሻዬ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ለመንገዱ ሸራ ጫማዬን አደርጋለሁ።»

እኛን ያስቈጣን ከፋዩ ብቻ አልነበረም፤ «እንዲሁ ደረብ አድርጌ» ያለችው ቃል ነው። ካህኑ በጸሎት የሚለብሰውን፥ ሙሽራዪቱ በሕይወቷ አንድ ቀን የምትደርበውን፥ ይህች ልጅ ከሸራ ጫማ ጋር እንደ ማንኛውም ተራ ልብስ ልትጥለው ነው። «ከፋይ የታቦት ልብስ ነው፤ የካህን ልብስ ነው፤ ግፋ ቢል የሙሽራ ነው። አንቺ ከሦስቱ ማንኛዋ ነሽ?» ብለን ገሠጽናት። ይህም አልበቃ ብሎን መጽሐፍ ገልጠን ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 ስለ ሴቶች ጌጥ የጻፈውን አነበብንላት።

ልጅቱ አንዲት ቃል አልመለሰችም። ኮቱን አጣጥፋ በፌስታል ከተተችና ከአልጋው ሥር ወሸቀችው። ባለቤታችን ልብስ እያጠበች ሳለች ቀና ብላ አየችን፤ እርስዋም ምንም አላለችም። የከተማችን ስም ፍኖተ ሰላም፥ የሰላም መንገድ ማለት ነው፤ ወጀት ይባል የነበረውን ስፍራ እንዲህ ብለው የሰየሙት ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እንደ ሆኑ ይታወቃል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ግን በቤታችን የሰላም መንገድ አልነበረም። ልጅቱ ትታዘዛለች፥ ቡና ታቀርባለች፥ እጃችንን ታስታጥባለች፤ ነገር ግን ዐይኗን አታነሣም።

የከተራ ዕለት ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ «ራሴን አሞኛል» ብላ በቤት ቀረች። እኛም የተናገረችውን አምነን ሄድን፤ ወይም ያመንን ለመምሰል ሄድን።

እናታችን በዓሉን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ከገጠር መጥተው ነበር። ማታ ታቦታቱ በድንኳናቸው ካደሩ በኋላ፥ ካህናቱ ሲያመሰግኑ ወጣቱም ሲዘምር፥ እናታችን ጋቢያቸውን ተከናንበው በሣሩ ላይ ተቀመጡ። የጥር ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። እኛም ከጎናቸው ተቀመጥን።

«ልጅቱስ?» አሉን።

«ራሷን አሟታል።»

«የራስ ሕመም አይደለም፤ የኮት ሕመም ነው» አሉ። ጥቂትም ዝም ብለው ቆዩና፥ «ልጄ፥ ያ ከፋይ ምን አደረገህ?» ብለው ጠየቁን።

እኛም እንደ ልማዳችን ማስተማር ጀመርን። የቤተ መቅደስ ልብስ በየመንገዱ ሲጎተት ዝም ማለት እንደማይገባ፥ ለእያንዳንዱ ነገር ሥርዐት እንዳለው፥ የዛሬ ልጆች የክቡርንና የተራን ልዩነት እንደማያውቁ ነገርናቸው። እናታችን እስክንጨርስ ታገሡን።

«አንተ ተምረሃል፤ እኔ ማይም ነኝ» አሉ። «ነገር ግን ከፋይ ቤተ መቅደስ ውስጥ በቅሎ አላየሁም። ከሰው ትከሻ ወርዶ ነው የገባ።»

ከዚያም ከዚህ በፊት ያልነገሩንን ነገር ነገሩን። አባታቸው፥ አያታችን፥ ከቡሬ ተነሥተው ዓባይን ተሻግረው ወደ ወለጋ የሚመላለሱ ነጋዴ ነበሩ። ልጃቸውን ሲድሩ ደማቅ ቀይ የከፋይ ካባ አመጡላቸው። እናታችን ካባውን በሠርጋቸው ቀን ለበሱ፤ ከሠርጋቸው በኋላም በየበዓሉ፥ ወደ ገበያም ሲወጡ፥ ልጅ አዝለውም ሲሄዱ ይደርቡት ነበር። ከእነርሱ መንደር ያ ካባ የብርድ ልብስም የክት ልብስም ነበር። ኋላ እኛ በአራት ዓመታችን በወባ ታመምን፤ ሦስት ቀን ሙሉ ዐይናችንን ሳንገልጥ ቀረን። እናታችንም ያላቸው ከፋይ ብቻ ነበርና በከፋይ ተሳሉ። እኛ ስንነሣ ካባውን ፈትተው፥ አጥበው፥ ለመንደራችን ደብር ሰጡ። ካህናቱም ለታቦቱ መጎናጸፊያ አሰፉት።

«ስእለት አይወራም ብዬ ነው ዝም ያልሁ» አሉን። «አንተ ግን ከፋይ የሚያውቀው ካህን ብቻ ይመስልሃል። እኔ እኮ ስዘልህ ምራቅህ የሚፈስበት እርሱ ላይ ነበር።»

አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ሌሊት የተሰማንን ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብን። ዕድሜያችን ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሆን የቆሎ ተማሪ ነበርን። ልብሳችን ደበሎ ነው። ደበሎ የበግ ለምድ ነው፤ ዝናብ ሲነካው ይሸታል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል፥ ተባይም አያጣውም። አኵፋዳችንን አንግተን በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን የዕለት ምግባችንን እንለምን ነበር። በዚህም ዛሬ አናፍርም፤ ብዙ ታላላቅ ሊቃውንት የወጡት ከደበሎ ውስጥ ነውና። በዚያን ጊዜ ግን እናፍር ነበር።

በዚያ ዓመት ለጥምቀት ወደ መንደራችን ተመልሰን በውሃው ዳር ቆመን ሳለን፥ በዕድሜ እኩያችን የሆነ የአንድ ባለጸጋ ልጅ ጥቁር የከፋይ ኮት ለብሶ በአባቱ በቅሎ ላይ ተቀምጦ መጣ። እኛ ወደ ታቦቱ አላየንም፤ ያየነው ወደዚያ ኮት ነው። ልጁ እጁን በልብሱ ላይ ሲያሳልፍ ጨርቁ መልኩን ሲለውጥ አየን፤ ደበሏችንንም ወደ ውስጥ ሰበሰብን። በልባችንም «ከንቱ ነው፤ ትዕቢት ነው፤ ከፋይ ለእግዚአብሔር ቤት ብቻ ይገባል» አልን። ያን ዕለት የተናገርነውን ቃል ሠላሳ ዓመት ያህል ትምህርት ነው ብለን ይዘነው ኖርን። ቅንዓት ነበር።

ይልቁንም የሚያሳዝነው ይህ ነው፦ እኛ የሰውን ልጅ ከፋይ ስንመኝ፥ በዚያችው ሰዓት የእናታችን ከፋይ፥ በእኛ ነፍስ ምትክ የተሰጠው፥ በካህኑ ራስ ላይ ሆኖ በፊታችን አልፎ ነበር። ኋላም ዲያቆን ሆነን ቃጭል እየመታን በፊቱ ሄደናል። አላወቅነውም።

በማግሥቱ ባሕረ ጥምቀቱ ተባርኮ ሕዝቡ ከተረጨ በኋላ ወደ ቤት ተመለስን። ልጃችንን ጠርተን አጠገባችን አስቀመጥናትና ይቅርታ ጠየቅናት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አፉ እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። ለምን ያን ኮት እንደ ገዛችም ያን ጊዜ ገና ጠየቅናት። አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባን ነበር።

«አባዬ» አለች፥ «ያለፈው ዓመት የጥበብ ቀሚሴ አጥሮኛል። አዲስ እንዳታሠራልኝ ዋጋውን ሸማኔው ዘንድ ሄጄ ጠይቄ ነበር። ደመወዝህን ስለማውቅ ልነግርህ አልፈለግሁም። ኮቱ ከተደረበ የቀሚሱ ማጠር አይታይም ብዬ ነው።»

እኛ በጌጥ መውደድ የከሰስናት ልጅ ለካ የአባቷን ኪስ ስትጠብቅ ኖሯል።

ኮቱን ከአልጋው ሥር ስታወጣው ከመታጠፉ የተነሣ በጀርባው ላይ መስመር ወጥቶበት፥ ጠጕሩም ተኝቶ ነበር። እኛ ካውያ አምጡ ስንል ባለቤታችን ከለከለችን፤ ከፋይ በፊቱ በኩል ካውያ ከነካው ጠጕሩ ይደፈጠጣል፥ ዳግመኛም አይነሣም። ውሃ አፍልተን ኮቱን በእንፋሎቱ ላይ ሰቅለን ያዝን፤ ልጅቱም በለስላሳ ብሩሽ ጠጕሩ ወደ ተኛበት አቅጣጫ ቀስ እያለች ጠረገችው። መስመሩ ጥቂት በጥቂት ጠፋ። ክንዳችን ዝሎ ሳለ ልጃችን ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይኗን አንሥታ ሣቀችብን።

ጥር 12 ቀን፥ የቃና ዘገሊላ ዕለት፥ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ሲመለስ ከፊታችን ትሄድ ነበር። ነጩን ቀሚስ ለብሳ፥ አረንጓዴውን ከፋይ ቍልፉን ሳትቈልፍ ደርባ፥ ሸራ ጫማዋን አድርጋ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ስትደርስ ማንም ሳያዝዛት ነጠላዋን ከኮቱ በላይ መስቀለኛ አጣፋች። እናታችን በክንዷ ተደግፈው ሲሄዱ እጃቸውን በእጅጌዋ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ታች ሲያሳልፉ አየን።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ በየዓመቱ ወላጆችም ተማሪዎችም ስለዚህ ልብስ ሲጠይቁን የምንመልሰው ይህን ነው።

ከፋይን በበዓል እንደ ዕለት ልብስ መልበስ ነውር አይደለም። ነገር ግን ከፋይ ራሱ የሚያበራ ጨርቅ ስለ ሆነ ጓደኛው ትሕትና ያለው ልብስ ይሁን። ነጭ የጥጥ ቀሚስ ወይም ነጭ እጀ ጠባብ፥ ጥለቱ ያልበዛ ነጠላ ይበቃዋል። ከፋይና ብዙ ጥልፍ፥ በዚያ ላይ ብዙ ወርቅ በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰቡ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። መልኩም እንደ ወይን ጠጅ፥ እንደ ጥቁር አረንጓዴ፥ እንደ ቡና ያለው የደፈነ ቀለም ከነጩ ልብሳችን ጋር ይስማማል። ወንድም ልጅ ቢሆን ጥቁሩን ኮት ከነጭ ሱሪ ጋር ሊያደርገው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ነጠላው ከላይ ይሁን።

አሰፍቶ ለሚለብስ፥ ልብስ ሰፊው ጨርቁን ሁሉ ጠጕሩ በአንድ አቅጣጫ እንዲወርድ አድርጎ መቍረጡን ይመልከት፤ አለዚያ አንደኛው እጅጌ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ይታያል። የተገዛውም ልብስ በመስቀያ ይሰቀል እንጂ አይታጠፍ። ከተራ ማታ በሣር ላይ የሚቀመጥ ሰው ከሥሩ አንድ ነገር ያንጥፍ፤ እርጥብ ከፋይ ላይ መቀመጥ ጠጕሩን ያስተኛዋልና። ሰው በተሰበሰበበት ጧፍና ችቦ ስለሚበራ፥ የፋብሪካ ክር ደግሞ ቶሎ ስለሚቀልጥ፥ ከእሳት መራቅ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በብድር የተገዛ ከፋይ አያሞቅም። ጎረቤቱ ልብስ አጥቶ ከበዓል የቀረበት ሰውም ከፋዩ አያምርበትም። እኛ በምናስተምርበት ክፍል ውስጥ ለጥምቀት ለምን እንዳልወጣ ሲጠየቅ ወደ እግሩ የሚያይ ልጅ በየዓመቱ አናጣም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 ያማረ ልብስ የለበሰውን በክብር ቦታ አስቀምጠው ድኻውን የሚያቆሙትን የገሠጸው በእንደዚህ ያለ ቀን ልናስበው ይገባል።

ደግሞም ጥምቀት የማን በዓል እንደ ሆነ አንርሳ። ያጠመቀው ቅዱስ ዮሐንስ የግመል ጠጕር ለብሶ ወገቡን በጠፍር ታጥቆ ነበር። የተጠመቀው ጌታችንም በዮርዳኖስ ወደ ውሃው ሲገባ የሰማይና የምድር ንጉሥ ሳለ ልብሱን አውልቆ ነው። አልቫሬዝም በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ባየው ጥምቀት ሰዎች ልብሳቸውን አውልቀው ወደ ውሃው ይገቡ እንደ ነበር ጽፏል፤ በውሃው ውስጥ ባለ ከፋዩና ባለ ደበሎው አይለዩም ነበር። አባቶቻችን አዳም ያጣው ልብሰ ብርሃን በጥምቀት ተመለሰልን ብለው ያስተምራሉ። ያ ልብስ በገበያ አይገኝም።

ኮቱ ዛሬም በቤታችን አለ። ባለቤቱ አድጋ ለትምህርት ከቤት ስትወጣ ለታናሽ እኅቷ ተወችላት። ክርኑ ላይ ጠጕሩ አልቋል፤ ከቍልፎቹም አንዱ ወድቆ በሌላ ዐይነት ተተክቷል። ታናሺቱ በብርድ ጧት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ትለብሰዋለች፤ እኛም ዝም እንላለን። አንዳንድ ጊዜ ብቻ ማንም በማያየን ጊዜ፥ ከመስቀያው ላይ ሳለ እጃችንን በላዩ ላይ እናሳልፋለን፤ አንድ ጊዜ ወደ ላይ፥ አንድ ጊዜ ወደ ታች።

በዓሉን የሰላም በዓል ያድርግልን።